የማስረጃ ፎቶዎችሽ ቅደም ተከተል እንዳይዛባ፦ ወደ ሌላ ስልክ፣ ወደ ኮምፒውተርና ወደ ፒዲኤፍ ስታሻግሪ

ብዙ እህቶች ውላቸውን፣ ኢቃማቸውን፣ የደመወዝ ወረቀታቸውንና ከአሠሪ ጋር የተጻጻፉትን መልእክት ፎቶ ወይም ስክሪንሾት አድርገው ስልካቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ጥሩ ልማድ ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ፎቶዎቹ ከስልኩ ሲወጡ ነው። ስልክሽ ላይ በተራ ተደርድረው የነበሩት ፎቶዎች ለኤምባሲ፣ ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ወይም አገር ቤት ላለ ዘመድ ሲላኩ የጥር ደመወዝ ከሰኔ በኋላ ይመጣል፣ የውሉ ሦስተኛ ገጽ ከመጀመሪያው ይቀድማል፣ የዋትሳፑ ንግግርም መልሱ ከጥያቄው በፊት ይሆናል።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የደመወዝ ክርክር የቀን ክርክር ነው። ለምሳሌ የኳታር የቤት ሠራተኞች ሕግ (ቁጥር 15/2017) ደመወዝ በወሩ መጨረሻ፣ ቢዘገይ ግን ከሚቀጥለው ወር ሦስተኛ ቀን ሳያልፍ እንዲከፈል ያዛል። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ሕግ (ቁጥር 9/2022) ደግሞ ደመወዝ መከፈል ካለበት ቀን አንስቶ በ10 ቀን ውስጥ እንዲከፈል ይላል። ስለዚህ የትኛው ወር እንደተከፈለ፣ የትኛው እንደዘገየ፣ የትኛው ጨርሶ እንዳልተከፈለ በተራ ማሳየት ከቻልሽ ጉዳይሽ ራሱ ይናገራል። የተደባለቀ ፎቶ ያየ ሰው ግን ወይ ይሰለቻል፣ ወይ ነገሩን በተሳሳተ መንገድ ይረዳዋል።

መፍትሔው አንድ ነው፦ ተራው የፋይሉ ስም ውስጥ ይግባ። ጋለሪው በራሱ ያስተካክለዋል ብለሽ አትተይው።

ፎቶዎች ለምን ይደባለቃሉ?

*ቁጥርን እንደ ፊደል ስለሚያነቡት።* ፎቶዎችሽን 1፣ 2፣ 3 እያልሽ እስከ 12 ብትሰይሚያቸው ብዙ ፕሮግራሞች የሚደረድሩት 1፣ 10፣ 11፣ 12፣ 2፣ 3 ብለው ነው። መጀመሪያ የሚያዩት የፊተኛውን አሃዝ ስለሆነ 10 ከ2 ይቀድማል። ዊንዶውስ ኮምፒውተር ፎልደሩ ውስጥ በትክክል ደርድሮ ሊያሳይሽ ይችላል። ፋይሎቹ ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲገቡ ግን ተራው ይጠፋል። መድኃኒቱ ከፊት ዜሮ መጨመር ነው፦ 01፣ 02፣ 03… 10፣ 11። ከመቶ በላይ ከሆኑ 001 ብለሽ ጀምሪ።

*ዋትሳፕ ስም ስለሚቀይር።* ፎቶ እንደ ፎቶ ሲላክ ዋትሳፕ መጠኑን ይቀንሰዋል፣ ፎቶው መቼ እንደተነሳ የሚናገረውንም ድብቅ መረጃ ያወጣዋል። ተቀባዩ አንድሮይድ ስልክ ካለው ፋይሉ አዲስ ስም ይሰጠዋል። በአዲሱ ስም ውስጥ ያለው ቀን ፎቶው የደረሰበት ቀን ነው፣ የተነሳበት አይደለም። ስለዚህ የስድስት ወር ደረሰኝ በአንድ ማታ ብትልኪ ሁሉም የአንድ ቀን ፎቶ መስሎ ይቀመጣል።

*ስክሪንሾት የራሱን ቀን ስለሚይዝ።* የመጋቢት መልእክት ነሐሴ ላይ ስክሪንሾት ብታደርጊ ስልኩ የሚመዘግበው የነሐሴውን ቀን ነው። የመልእክቱ ቀን ምስሉ ላይ ካልታየ ማስረጃው ግማሽ ይሆናል።

*ኮፒ ሲደረግ ቀኑ ስለሚቀየር።* ፋይል ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ «የተፈጠረበት ቀን» የሚለው የተገለበጠበት ቀን ሊሆን ይችላል። በዚያ ቀን መደርደር ያሳስታል።

*ጋለሪው ከኋላ ስለሚጀምር።* ብዙ ጋለሪዎች አዲሱን ፎቶ ከላይ ያደርጋሉ። ከላይ ወደ ታች እየነካሽ ከመረጥሽ የመጨረሻው ወር መጀመሪያ ይሄዳል።

*የስልኩ ቀን ስለተሳሳተ።* ስልኩ ተዘግቶ ቆይቶ ወይም ሲም ሳይኖረው ቀኑ ከተዛባ ፎቶውም በተዛባ ቀን ይቀመጣል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ቀንና ሰዓት በራሱ እንዲስተካከል (አውቶማቲክ) አድርጊው።

ሦስቱ ካላንደሮች፦ እኛን ለይቶ የሚያሳስተን ነገር

አንድ እህት እጅ ላይ ሦስት ዓይነት ቀን ሊኖር ይችላል። አገር ቤት የተጻፈ ወረቀት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የባንክ መልእክት በፈረንጅ፣ የሳዑዲ ሰነድ ደግሞ በሂጅራ። ለምሳሌ ሐምሌ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. በፈረንጅ ጁላይ 31 ቀን 2024 ነው፣ በሳዑዲ ካላንደር ደግሞ ሙሐረም 25 ቀን 1446። ሦስቱም አንድ ቀን ናቸው። ፋይሎቹን በየወረቀቱ ላይ ባለው ቀን ከሰየምሻቸው ግን 1446 ከሁሉም ይቀድማል፣ 2016 ይከተላል፣ 2024 መጨረሻ ይሆናል። የአንድ ወር ወረቀት ሦስት ቦታ ተበተነ ማለት ነው።

ስለዚህ ለፋይል ስም አንድ ካላንደር ብቻ ምረጪ። የሚሻለው የፈረንጁ ነው፤ ስልኩም ባንኩም የሚጠቀሙት እሱን ነው። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች ዓመት መጨረሻ በኢትዮጵያ ዓመት ላይ 7 ትጨምሪያለሽ። ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ 8። ወሩና ቀኑም ስለሚለያይ በስልክሽ ካላንደር አመሳክሪው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን ግን አትንኪ፣ እንዳለ ይቆይ።

ሰዓትም እንደዚሁ ነው። ስልኩ 15:00 ሲል በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ስም ላይ ሰዓት መጻፍ ካስፈለገሽ የስልኩን ተጠቀሚ።

ፋይሉን እንዴት እንሰይመው?

ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ተራ ቁጥር፣ ከዚያ ምን እንደሆነ በአጭሩ። እንዲህ፦

2024-03-05_01_ውል-ገጽ1
2024-03-05_02_ውል-ገጽ2
2024-07-31_01_ደመወዝ-ደረሰኝ
2024-09-02_01_መልእክት-ደመወዝ-ጥያቄ
2024-09-02_02_መልእክት-መልስ

ዓመቱ ከፊት ስለሆነ የትኛውም ስልክና ኮምፒውተር «በስም ደርድር» ሲባል ከድሮ ወደ አዲስ ያስተካክለዋል። ቀኑን ከፊት ካደረግሽው (31-07-2024) የሁሉም ወር 31ኛ ቀን አንድ ላይ ይሰበሰባል። እነዚህንም አስታውሺ፦

- ሁልጊዜ ሁለት አሃዝ ጻፊ፦ 03 እንጂ 3 አይደለም።
- ሰረዝ (-) ተጠቀሚ። እዝባር (/) የፋይል ስም ውስጥ አይገባም።
- ስልክሽ የአረብኛ ኪቦርድ ካለው ቁጥሩን በአረብኛ አሃዝ አትጻፊ። ከተለመደው 1፣ 2፣ 3 ጋር ከተደባለቀ ተራው ይበላሻል።
- ከቁጥሩ ቀጥሎ አማርኛ መጻፍ ይቻላል። የተቀባዩ ኮምፒውተር አማርኛውን ባያሳይ እንኳ ቁጥሩ ተራውን ይጠብቃል።
- መጨረሻ ላይ ከነጥቡ በኋላ ያለውን (ለምሳሌ ጄፒጂ) አትሰርዢ። ከተሰረዘ ፎቶው ላይከፈት ይችላል።

ስም የሚቀየረው የት ነው?

*አንድሮይድ ላይ፦* «ፋይልስ» ወይም «ማይ ፋይልስ» የሚለውን ክፈቺ። አዲስ ፎልደር ፍጠሪ፣ ፎቶዎቹን ኮፒ አድርጊና እዚያ አስገቢያቸው። ከዚያ አንዱን ፎቶ ጫን አድርገሽ ያዢ፣ «ሪኔም» የሚለውን ምረጪ።

*አይፎን ላይ፦* ፎቶዎች በሚለው መተግበሪያ ውስጥ የፋይል ስም አይቀየርም። ፎቶውን መርጠሽ «ሼር»፣ ቀጥሎ «ሴቭ ቱ ፋይልስ» በይ። ፋይልስ ውስጥ ጫን አድርገሽ ስትይዢው «ሪኔም» ይመጣል። አይፎን ፎቶ የሚያስቀምጥበት «ሄይክ» የሚባል ዓይነት አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ አይከፈትም። ከአሁን በኋላ ለምታነሺው ሴቲንግ፣ ካሜራ፣ ፎርማትስ ገብተሽ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ምረጪ።

በሁለቱም ላይ ስሙን የምትቀይሪው የኮፒውን ነው። ዋናው ፎቶ ጋለሪ ውስጥ እንዳለ ይቀመጥ።

ስትልኪ

*በዋትሳፕ፦* ፎቶ ከሚለው ይልቅ በማያያዣው ምልክት ገብተሽ «ዶክመንት» በሚለው ላኪ። እንዲህ ሲሆን የሰጠሽው ስምም ጥራቱም አይለወጥም። ቴሌግራም ላይም «ፋይል» በሚለው ላኪ። የግድ እንደ ፎቶ መላክ ካለብሽ ስትመርጪ ምስሎቹ ላይ የሚወጣውን 1፣ 2፣ 3 ተመልከቺ፤ የሚሄዱት በነካሻቸው ተራ ነው። ከእያንዳንዱ ሥር ቁጥርና ቀን ጻፊ።

*ወደ ኮምፒውተር፦* በገመድ ከገለበጥሽ በኋላ ፎልደሩን «በስም» ደርድሪው። ስም ያልሰጠሻቸው ፎቶዎች ካሉ ዊንዶውስ ላይ «ዴት ቴክን» የሚለውን ምረጪ፤ ፎቶው የተነሳበት ቀን እሱ ነው። ኮምፒውተሩ የሰው ወይም የኢንተርኔት ካፌ ከሆነ ስትጨርሺ ፎልደሩን አጥፊ፣ ከቆሻሻ መጣያውም («ሪሳይክል ቢን») አውጪው፣ ከኢሜይልሽም ውጪ።

*ወደ ፒዲኤፍ፦* ሁሉንም በአንድ ፒዲኤፍ ማድረግ ከሁሉም ይሻላል፤ ገጾቹ አንዴ ከተያያዙ በኋላ ሲላኩ አይደባለቁም። ፎቶዎቹን ስትመርጪ ከድሮው ጀምረሽ ወደ አዲሱ ሂጂ። ከማስቀመጥሽ በፊት የመጀመሪያውን፣ የመሃሉንና የመጨረሻውን ገጽ ተመልከቺ። ብዙ ፕሮግራሞች ገጹን ይዞ በመጎተት ተራ ማስተካከል ይፈቅዳሉ። ፓስፖርትና ኢቃማ ግን በማታውቂው ነፃ ድረ ገጽ ላይ አትጫኚ።

ረጅም ንግግር ስክሪንሾት ሲደረግ

ከላይ ወደ ታች በተራ ሂጂ። የመጀመሪያው ስክሪንሾት መጨረሻ ላይ ያለው መልእክት በሁለተኛው መጀመሪያ ላይ ደግሞ ይታይ። ይህ በመሃል የተቆረጠ ነገር እንደሌለ ያሳያል። የሰውየው ስም ወይም ስልክ ቁጥር ከላይ፣ ቀኑም በመሃል መታየት አለበት። ዋትሳፕ «ዛሬ» ወይም «ትናንት» ብቻ ካለ ቀኑ እስኪወጣ ጥቂት ቀን ቆይተሽ ሌላ ስክሪንሾት ጨምሪ። የመጀመሪያውንም አታጥፊው፤ መልእክቱ እስከዚያ ሊሰረዝ ይችላል።

የድምፅ መልእክት ካለ ስክሪንሾቱ ላይ የት ቦታ እንዳለ ይታይ። ድምፁን ለብቻው አስቀምጪና በተመሳሳይ ቀንና ተራ ቁጥር ሰይሚው።

አንድ ገጽ ማውጫ

ንጹሕ ወረቀት ላይ በእጅሽ ጻፊ፦ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ምን እንደሆነ። ያልተከፈለሽ ወር ካለ እሱንም ጻፊ፦ «ኦገስት 2024፣ አልተከፈለም፣ ደረሰኝ የለም»። ባዶው ወር በዝርዝሩ ላይ ካልታየ አንባቢው ፎቶ የጠፋ ሊመስለው ይችላል። ወረቀቱን ፎቶ አንሺና 0000_ማውጫ ብለሽ ሰይሚው፤ በስም ሲደረደር ሁልጊዜ መጀመሪያ ይመጣል። ፎቶዎቹ በሆነ ምክንያት ቢደባለቁ እንኳ ማንም ሰው በዚህ ማውጫ መልሶ ሊያስተካክላቸው ይችላል።

ጥንቃቄ

- ዋናውን ፎቶ አትቁረጪ፣ አታሳምሪ፣ ላዩ ላይ አትጻፊ። የምታስረጂው ነገር ካለ ማውጫው ላይ ጻፊው።
- በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሰውን ሳይፈቅድ ፎቶ ወይም ቪዲዮ ማንሳት፣ በተለይ በቤቱ ውስጥ፣ ወንጀል ሊሆን ይችላል። የመዳምን ልጆችና የቤቱን ሰዎች አታንሺ። የራስሽን ሰነድ፣ የራስሽን መልእክት፣ የራስሽን ጉዳት አንሺ።
- እነዚህን ፎቶዎች ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አትለጥፊ። የሚላኩት ለሚመለከተው አካል ብቻ ነው።
- ስልክሽ ሊወሰድ ወይም ሊሰበር ይችላል። ፎልደሩን በየወሩ ለምታምኚው አንድ ሰው ላኪ። ኢሜይል ካለሽ ለራስሽም ላኪ፣ የይለፍ ቃሉንም በቃልሽ ያዢ።

ባጭሩ

1. ዋናውን ፎቶ ሳትነኪ ኮፒ አድርጊ።
2. በፈረንጅ ቀን፣ ዓመቱን ከፊት አድርገሽ፣ ከዜሮ ጋር ሰይሚ።
3. ማውጫ ጻፊ፣ 0000 ብለሽ ጨምሪ።
4. እንደ ዶክመንት ወይም እንደ አንድ ፒዲኤፍ ላኪ።
5. የተቀበለውን ሰው «መጀመሪያ የሚታይሽ ምንድን ነው? መጨረሻስ?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ ከማውጫሽ ጋር ከተስማማ ተራው አልተዛባም።

ይህን ሥራ ችግር እስኪመጣ አትጠብቂው። ደመወዝ በተቀበልሽ ቀን አንድ ፎቶ አንስተሽ ብትሰይሚ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የሁለት ዓመት ፎቶ በአንድ ሌሊት ለማስተካከል መቀመጥ ግን፣ ያውም ሰው እየጠበቀሽ፣ ከባድ ነው።