«ዋጋ የለውም» ተብሎ የተመዘገበው ሽልማት

ከአባሎቻችን ብዙዎቹ «ነገም ሌላ ቀን ነው» የሚለውን መጽሐፍ ያውቁታል። ጋዜጠኛና ገጣሚ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ የተረጎመው የማርጋሬት ሚቸል ልብ ወለድ ነው። ያነበብነው ሁሉ ስካርሌትን እናስታውሳለን። ቀሚሷን ጠበቅ አድርጋ የምታስርላትን፣ የምትቆጣትን፣ ያን ሁሉ ቤተሰብ ቀጥ አድርጋ የያዘችውን ጥቁር ሞግዚት ማሚን ግን ስንቶቻችን አንስተን እናውቃለን? በዚህ እትም የምናነሳው መጽሐፉ ፊልም ሲሆን ማሚን ሆና የተጫወተችውን ሃቲ ማክዳንኤልን ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሃቲ በ1893 በካንሳስ ግዛት በዊቺታ ከተማ ተወለደች። ለወላጆቿ አሥራ ሦስተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበረች። አባቷም እናቷም በባርነት ውስጥ ያደጉ ናቸው። አባቷ ሄንሪ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከሰሜኑ ጦር ጋር ተሰልፎ ቆስሏል፤ የሚገባውን የጡረታ አበል ለማስከበር ግን ለብዙ ዓመታት ከመሥሪያ ቤት ጋር ሲጻጻፍ ኖሯል። (ማስረጃ አምጪ፣ ምስክር አምጪ ስንባል የኖርን ሴቶች ይህ እንግዳ አይሆንብንም።)

ቤተሰቡ ወደ ኮሎራዶ ተዛውሮ ስለነበር ሃቲ መድረክን የለመደችው በዴንቨር ነው። መጀመሪያ ከወንድሞቿ ጋር ሠራች፤ በ1914 ደግሞ ከእህቷ ከኤታ ጋር ሴቶች ብቻ የሚጫወቱበት የራሳቸውን ቡድን አቋቋሙ። ዘፈነች፣ ግጥምም ጻፈች፣ በሬዲዮ ቀረበች፣ ሸክላ አስቀረጸች። ይህ ሁሉ ግን የዓመት ቀለብ የሚሸፍን ገቢ አልነበረውም። ሥራ ሲጠፋ በሰው ቤት ታበስላለች፣ ልብስ ታጥባለች። በ1929 የአሜሪካ ኢኮኖሚ ሲወድቅ በሚልዋኪ ከተማ በአንድ የምሽት ክበብ የሴቶች መጸዳጃ ቤት አስተናጋጅ ሆነች። ቆይታ ግን እዚያው ክበብ መድረክ ላይ ወጥታ ዘፋኝ ሆነች።

በ1931 ሎስ አንጀለስ ገባች። በሬዲዮ ስሟ እየታወቀ ሳለ ክፍያው ስለማይበቃት የቤት ሠራተኛነቱን አልተወችም። በፊልምም የሚሰጣት ያው የቤት ሠራተኛ ነበር፤ ለብዙ ጊዜም ስሟ እንኳን በፊልሙ ላይ አይጻፍም። በ1930ዎቹ አጋማሽ ከታወቁ ተዋንያን ጋር ጎልታ መታየት ጀመረች። «ይህች ሴት ሕዝባችንን በገረድነት ብቻ ታሳያለች» የሚል ወቀሳ ከጥቁሮች መብት ተሟጋቾች መጣባት። ወቀሳው መሠረት የለውም አንልም። እሷ ግን በሳምንት 7 ዶላር እየተከፈላት ገረድ ከምትሆን 700 እየተከፈላት ገረድ ሆና ብትጫወት እንደምትመርጥ ትናገር እንደነበር ይነገርላታል። ከእኛ መካከል በዓረብ አገርም በአገር ቤትም በሰው ቤት የሠራን አለን፤ በዚህ ሒሳብ የምንፈርድባት አይመስለንም።

ፊልሙ በታኅሣሥ 1939 በአትላንታ ሲመረቅ ሃቲ አልተገኘችም፤ የጆርጂያ የዘር ሕግ ከነጮቹ ጋር እንድትቀመጥ አይፈቅድም ነበር። ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1940 በሎስ አንጀለስ አምባሳደር ሆቴል ለኦስካር ሥነ ሥርዓት ስትሄድም ሆቴሉ ጥቁር ስለማያስገባ የፊልሙ አዘጋጅ ልዩ ፈቃድ መለመን ነበረበት። ከባልደረቦቿ ተለይታ ግድግዳ ጥግ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ተቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ ኦስካር የተሸለመች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች። (በዚያው ጊዜ አዲስ አበባ በፋሺስት ኢጣሊያ እጅ ነበረች፤ እዚህም የዘር ሕግ ነበር።) በዚያ ዘመን ለረዳት ተዋንያን የሚሰጠው ሐውልት ሳይሆን ጽሑፍ የተቀረጸበት ትንሽ ሰሌዳ ነው።

ሽልማቱ የሚሰጧትን ሚና አልቀየረውም። ገንዘቧን ግን ቤት ገዛችበት። በሎስ አንጀለስ ዌስት አዳምስ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ሹገር ሂል በተሰኘው ክፍል ብዙ ክፍሎች ያሉት ቤት ነበራት። ነጭ ጎረቤቶች «በይዞታው ውል ላይ ለጥቁር አይሸጥም የሚል አንቀጽ አለ፣ ይውጡልን» ብለው እሷንና ሌሎቹን ጥቁር ባለቤቶች ፍርድ ቤት ከሰሱ። ሃቲ ጎረቤቶቿን በቤቷ እየሰበሰበች አደራጀች፤ ጠበቃቸው ሎረን ሚለር ነበር። በታኅሣሥ 1945 ዳኛው ክሱን ውድቅ አደረገው። በ1948 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን አንቀጽ ማናቸውም ፍርድ ቤት እንዳያስፈጽም ወሰነ፤ በዚያም ክርክር ሎረን ሚለር ከጠበቆቹ አንዱ ነበር። ለእኛ ከኦስካሩ ይልቅ ይህ ይበልጥብናል።

በ1947 «ቢዩላ» በተባለው የሬዲዮ ተከታታይ ድራማ ዋና ተዋናይ ሆነች፤ ክፍያዋ በሳምንት 1,000 ዶላር ነበር። አሁንም የቤት ሠራተኛ ሆና ነው የምትጫወተው። ነገር ግን ስትዋዋል በተሰባበረ እንግሊዝኛ እንደማትናገር አስጻፈች።

የጡት ካንሰር ይዟት በኦክቶበር 1952 ዐረፈች። በሆሊውድ መካነ መቃብር መቀበር ተናዝዛ ነበር፤ ባለቤቱ ጥቁር አልቀብርም ብሎ ከለከለ። ኦስካሩን ለሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተናዝዛለች። የግብር ዕዳ ስለነበረባት የውርስ ንብረቷ አንድ በአንድ ተቆጥሮ ተገመተ። ገማቹ ኦስካሩ ጋ ሲደርስ «ዋጋ የለውም» ብሎ አሰፈረ።

የሒሳብ ሥራ የምንሠራ ሰዎች ይህች ቃል ምን እንደምታደርግ እናውቃለን። ዋጋ የለውም የተባለ ዕቃ በቆጠራ ጊዜ ቢጎድል የሚጠየቅ ሰው የለም። ሰሌዳው ዩኒቨርሲቲው ደርሶ በቴአትር ክፍሉ በመስታወት ውስጥ ለዓመታት ታይቷል፤ ከዚያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግድም ጠፋ። በኦክቶበር 2023 የኦስካር አካዳሚ በምትኩ ሌላ ሠርቶ ለሐዋርድ አስረከበ። የመጀመሪያው እስካሁን አልተገኘም።