የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ብልሽትና ጥገና

የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ሳህን፣ ብርጭቆ፣ ማንኪያና ድስት በሙቅ ውኃና በልዩ ሳሙና የሚያጥብ የቤት ኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። ይህ መጣጥፍ በማሽኑ ላይ አዘውትረው የሚታዩ ብልሽቶችን፣ መንስኤያቸውንና ቤት ውስጥ ሊደረግ የሚችለውን ጥገና ይመለከታል። ማሽኑ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ይሠራል፦ ውኃ ያስገባል፣ ያሞቃል፣ ይረጫል፣ ያስወጣል። ስለዚህ ሥራው የቆመበትን ደረጃ የለየ ሰው የብልሽቱን ቦታ በአብዛኛው አግኝቷል። ብዙ ጊዜም የሚገኘው የተቃጠለ ዕቃ ሳይሆን ቆሻሻ፣ የኖራ ክምችት ወይም የውኃ እጥረት ነው።

አሠራር

በእጅ የሚዞር የእንጨት ዕቃ ማጠቢያ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1850 የፈጠራ መብት አግኝቶ ነበር፤ ነገር ግን ብዙም አልሠራም። ውኃን በግፊት በሳህኖች ላይ የሚረጨውን መሣሪያ የሠራችው የኢሊኖይ ነዋሪዋ ጆሴፊን ኮክሬን ስትሆን፣ የፈጠራ መብቷን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። ማሽኗ እ.ኤ.አ. በ1893 በቺካጎ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ታይቷል።

የዛሬውም ማሽን መሠረቱ ያው ነው። ብዙዎች እንደሚያስቡት ውስጡ በውኃ አይሞላም። ጥቂት ሊትር ውኃ ከታች ይጠራቀምና ፓምፕ ያንኑ ውኃ እየደጋገመ ወደሚሽከረከሩት የመርጫ ክንዶች ይገፋዋል። ውኃው ሲወርድ በማጣሪያ ውስጥ አልፎ ተመልሶ ይረጫል። ደረጃው ሲያልቅ ሌላ ትንሽ ፓምፕ ቆሻሻውን ውኃ ያስወጣና አዲስ ውኃ ይገባል። በሙሉ እጥበት አንድ ዘመናዊ ማሽን የሚጠቀመው ውኃ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሊትር ነው። ውኃው እንዲህ ጥቂት ስለሆነና ተመላልሶ ስለሚረጭ፣ ማጣሪያው ከተደፈነ የሚረጨው ቆሻሻው ራሱ ይሆናል።

ከጥገና በፊት

ማብሪያውን ማጥፋት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ማሽኑ ጠፍቶም የውስጥ ሽቦዎቹ ኤሌክትሪክ ሊኖራቸው ይችላል። ሶኬቱ መነቀል አለበት፤ ማሽኑ ያለ ሶኬት በቀጥታ ከመስመር ጋር ከተገናኘ ደግሞ ብሬከሩ ይወርዳል። የውኃ መግቢያው ቧንቧም ይዘጋል። ውኃው እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊደርስ ስለሚችል እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ያስፈልጋል።

የማሽኑ ሳሙና ከእጅ ማጠቢያ ሳሙና እጅግ የበለጠ አልካላይን ነው። ዓይንና ጉሮሮ ስለሚያቃጥል፣ ከረሜላ የሚመስሉት ባለቀለም እንክብሎች ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ መቀመጥ አለባቸው። ኖራና ሽታ ለማስወገድ አቼቶ የሚጠቀሙ ሰዎች በዚያው እጥበት በረኪና መጨመር የለባቸውም፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ውኃ ሳያስገባ ሲቀር

ማሽኑ ተነስቶ ትንሽ ካጉረመረመ በኋላ ቢቆም ወይም ደረቅ ሆኖ ቢቀር መጀመሪያ የሚታየው ቧንቧው ነው። ተዘግቶ ወይም ቱቦው ከማሽኑ ጀርባ ታጥፎ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የመግቢያው ቱቦ ይፈታል። ቱቦው ከማሽኑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ አሸዋና ዝገት የሚይዝ ትንሽ ወንፊት አለ። እንደ አዲስ አበባ ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ከተሞች፣ ተቋርጦ የቆየ ውኃ ሲመለስ ዝገትና ደለል ይዞ ስለሚመጣ ይህ ወንፊት ቶሎ ይደፈናል። በፒንሳ ቀስ ብሎ አውጥቶ በጥርስ ብሩሽ ማጠብ ይበቃል። ወንፊቱን አውልቆ ማሽኑን ያለ እርሱ ማሠራት ግን ደለሉን ወደ ቫልቩ ያስገባዋል፤ ቫልቩ ሳይዘጋ ሲቀር ደግሞ ማሽኑ ጠፍቶም ውኃ ይገባል።

ወንፊቱ ንጹሕ ከሆነ ግፊቱ ይመረመራል። ብዙ አምራቾች ቢያንስ 0.5 ባር ገደማ ግፊት ይጠይቃሉ። በሮቶ ውኃ ለሚጠቀም ቤት ስሌቱ ቀላል ነው፤ 10 ሜትር ከፍታ ወደ 1 ባር ይሰጣል። ስለዚህ ከማሽኑ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው 0.3 ባር ገደማ ነው። ቧንቧው ሲከፈት ውኃ በደንብ የሚወርድ ቢመስልም ማሽኑ በተወሰነለት ጊዜ በቂ ውኃ ስለማያገኝ ስህተት አለ ብሎ ይቆማል። ይህ የማሽኑ ብልሽት አይደለም፤ ቫልቭ መቀየርም አይፈታውም። መፍትሔው ሮቶውን ከፍ ማድረግ ወይም ትንሽ የግፊት ፓምፕ መግጠም ነው። ለመለካት ቱቦውን ባልዲ ውስጥ አድርጎ ቧንቧውን መክፈትና ባልዲው እስኪሞላ ሰዓት መያዝ ይቻላል። አንዳንድ አምራቾች በደቂቃ 10 ሊትር ይጠይቃሉ።

ሦስተኛው መንስኤ ከማሽኑ ሥር የሚገኘው የጎርፍ መከላከያ ተንሳፋፊ ነው። ከታች ባለው ሳህን ላይ ውኃ ከተጠራቀመ ተንሳፋፊው ከፍ ይልና ውኃ ማስገባቱን ያቆማል። ውኃውን በስፖንጅ አድርቆ ከየት እንደፈሰሰ መፈለግ ያስፈልጋል። ሳይፈለግ ከቀረ ችግሩ ይመለሳል።

ውኃ ሳያስወጣ ሲቀር

በእጥበት መጨረሻ ከማጣሪያው በታች ጥቂት ውኃ መቅረቱ ጤናማ ነው። ውኃው ከማጣሪያው በላይ ከቆመ ግን አልወጣም ማለት ነው። ውኃው በኩባያና በስፖንጅ ከተወገደ በኋላ ክቡ ማጣሪያ በስተግራ ዞሮ ይወጣል። በብዙ ማሽኖች ላይ ከሥሩ የማስወጫው ፓምፕ ክዳን አለ። ክዳኑ ተነስቶ የፓምፑ ትንሽ መዘውር በእንጨት ጫፍ ይነካል፤ ጥርስ በጥርስ እየዘለለ የሚዞር ከሆነ ደህና ነው። ስቴኪኒ፣ የአጥንት ስባሪ፣ የጠርሙስ ወረቀትና የብርጭቆ ስባሪ እዚያ ይያዛሉ። የብርጭቆ ስባሪ ስለሚገኝ ጣት በባዶው አይገባም።

ፓምፑ ንጹሕ ሆኖ ውኃው ካልወጣ ችግሩ ከቱቦው ወይም ቱቦው ከሚገባበት የላቫንዲኖ ፍሳሽ ነው። በአሜሪካ ቤቶች አንድ የታወቀ ጉዳይ አለ፦ ከላቫንዲኖው ሥር አዲስ የምግብ ትርፍራፊ መፍጫ ሲገጠም በጎኑ ያለው የፕላስቲክ መድፈኛ ካልተነቀለ የማሽኑ ውኃ መውጫ አይኖረውም።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። የማስወጫው ቱቦ ወለል ላይ ወዳለው ፍሳሽ ቀዳዳ ብቻ ከተጣለ፣ ማሽኑ የሚያስገባው ውኃ በራሱ ክብደት እየተሳበ ይወጣል። ማሽኑ ማቆሚያ በሌለው ሁኔታ ሲሞላና ሲያፈስ ይቆያል። ቱቦው ወደ ላይ ታጥፎ መታሰር አለበት፤ መመሪያዎች ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 100 ሴንቲሜትር ከፍታ ያዛሉ።

ዕቃው በደንብ ካልታጠበ

እዚህ ላይ ማሽኑን ከመክሰስ በፊት አጠቃቀሙን ማየት ይሻላል። የእንጀራ ትርፍራፊና የሽሮ ቅሪት በስታርች የተሞሉ በመሆናቸው በማጣሪያው ወንፊት ላይ እንደ ሙጫ ይለጠፋሉ። ትርፍራፊውን ጠርጎ መጣልና ማጣሪያውን በየሳምንቱ ማጠብ ይበቃል። ቀጥሎ የመርጫ ክንዶቹ በእጅ ይሽከረከራሉ፤ ረጅም ጭልፋ ወይም ትልቅ ትሪ እያገዳቸው ሊሆን ይችላል። ክንዱ ወልቆ ሲናወጥ የሚንኮሻኮሽ ነገር ከተሰማ ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል፤ በስቴኪኒና በውኃ ይጸዳሉ።

ሳሙናው ሳጥኑ ውስጥ ሳይሟሟ ከቀረ ወይ ክዳኑን የሚያግደው ሳህን አለ፣ ወይ ውኃው አልሞቀም። በሳሙናው ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ስታርችና ፕሮቲን የሚሰባብሩት በሙቅ ውኃ ነው። ለእጅ የሚሆነው ፈሳሽ ሳሙና በፍጹም ምትክ አይሆንም። አረፋው ፓምፑን አየር ያስስበዋል፣ በበሩም በኩል ወጥቶ ወለሉን ያጥለቀልቃል።

ብርጭቆ ላይ የሚቀር ነጭ ሽፋን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱን ብርጭቆ በአቼቶ ማሸት ይለያቸዋል። ከለቀቀ ኖራ ነው፤ እንደ ድሬዳዋና መቀሌ ያሉ ከተሞች ውኃ ኖራ ስለሚበዛው ሽፋኑ የሚጠበቅ ነው። ካልለቀቀ ብርጭቆው ራሱ ተበልቷል፤ አይመለስም። ለኖራ የአውሮፓ ማሽኖች ውኃ የሚያለሰልስ ክፍል አላቸው፤ ይህ ክፍል የሚሠራው ግን በየጊዜው ልዩ ጨው ሲጨመርለት ነው። ደቃቁ የገበታ ጨው ክፍሉን ሊደፍን ስለሚችል አይመከርም። አብዛኞቹ የአሜሪካ ማሽኖች ይህ ክፍል የላቸውም።

የአሉሚኒየም ድስት በማሽን ሲታጠብ መጥቆሩ ብልሽት አይደለም፤ ብረቱ ከአልካላይኑ ሳሙና ጋር ስለሚዋሐድ ነው። ጀበናና ሌላ ያልተለበጠ የሸክላ ዕቃም ሳሙናውን ስለሚመጥ በእጅ መታጠብ አለበት።

ብሬከር ሲወርድና ውኃ ሳይሞቅ ሲቀር

ማሽኑ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት ብሬከር የሚያወርድ ከሆነ ተጠርጣሪው ማሞቂያው ነው፤ ሥራ የሚጀምረው ውኃው ከገባ በኋላ ነውና። ሶኬቱ ተነቅሎና የማሞቂያው ሽቦዎች ተለይተው በቴስተር ይለካል። በ230 ቮልት 2000 ዋት የሆነ ማሞቂያ ወደ 26 ኦም ማሳየት አለበት። ምንም ካላሳየ ተቆርጧል። ከማሞቂያው ጫፍ ወደ ማሽኑ ብረት አካል ንባብ ከተገኘ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ወደ አካሉ እየፈሰሰ ነው። በተለምዶ ኧርዝ የሚባለው የመሬት ሽቦ በሌለበት ቤት እንዲህ ያለው ማሽን ብሬከሩን ላያወርድ ይችላል፤ እርጥብ እጅ የነካው ሰው ነው የሚያዝ። የማሽኑን አካል ሲነኩ የመንዘር ስሜት ካለ ወዲያው ከሶኬት ነቅሎ ባለሙያ መጥራት ግዴታ ነው። በዲቫይደር ማሠራትም አይገባም፤ 2000 ዋት በ220 ቮልት ወደ 9 አምፔር ስለሚስብ ቀጭን ዲቫይደር ይቀልጣል።

ውኃ ሲያፈስ

አብዛኛው ፍሳሽ ከበሩ ነው። የበሩ ጎማ በምግብ ቅባት ይደድራል፤ በለብ ያለ ውኃ መጥረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ማሽኑ ወደፊት ካዘነበለም ውኃ በበሩ ሥር ይወጣል። እግሮቹን ዞር ዞር አድርጎ ማስተካከል ነው።

የስህተት ቁጥሮች

አዳዲስ ማሽኖች ሲቆሙ ቁጥር ያሳያሉ። በቦሽ ማሽኖች ኢ15 ከሥር ውኃ መጠራቀሙን፣ ኢ24 ውኃ አለመውጣቱን ያመለክታል። በሳምሰንግ 4ሲ ውኃ አለመግባቱን፣ 5ሲ አለመውጣቱን ይገልጻል። ቁጥሩ የሚናገረው ግን የትኛው መቆጣጠሪያ ችግር እንዳየ እንጂ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይደለም። ኮምፒዩተር ላይ የስህተት መልእክት የወጣበት መስመርና ስህተቱ ያለበት መስመር እንደሚለያዩት ሁሉ፣ ኢ24 ያየ ሰው ፓምፕ ከመግዛቱ በፊት የታጠፈውን ቱቦ ማየት አለበት።

ከውጭ የመጡ ማሽኖች

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን የሚሠራው በ120 ቮልትና 60 ኸርዝ በመሆኑ በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ ኸርዙን ግን አይለውጥም። ስለዚህ በኤሌክትሪኩ ኸርዝ ልክ የሚዞሩ ሞተሮች ከታሰበላቸው በታች ይዞራሉ፣ ይሞቃሉም፤ በድሮዎቹ ማሽኖች ሰዓት ቆጣሪውም ይዘገያል። ከሳዑዲ ዓረቢያ የሚመጡትም 60 ኸርዝ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ከመግዛት በፊት በበሩ ጠርዝ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ማንበብ ያስፈልጋል።