ቁልፍ የሌለው ቁም ሣጥን፦ የሕፃናት ዕቃ ማስቀመጫ ከየት መጣ?



የሕፃናት ማቆያ ይከፈት በተባለበት ስብሰባ ሁሉ መጀመሪያ የሚነሡት የቤት ኪራይ፣ የሞግዚት ደመወዝና የምሳ ወጪ ናቸው። የዕቃ ማስቀመጫ ነገር የሚታወሰው መጨረሻ ላይ ነው። ያኔም «የተረፈ የቢሮ ቁም ሣጥን ካለ ይበቃል፤ ለአናጢ ለምን ገንዘብ ይወጣል?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የአባላት መዋጮም ሆነ የለጋሾች ብር በከንቱ መውጣት የለበትም። መልሱን ለማግኘት ግን ከእኛ በፊት በዚሁ ጉዳይ ያሰቡ ሰዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ ምን እንዳዩ መመልከት ይጠቅማል።

ከራሳችን ቤት እንጀምር። በአገራችን ልማድ የተከበረ ዕቃ ይቆለፍበታል ወይም ከፍ ተደርጎ ይሰቀላል። የእናቶቻችን ልብስና ጌጥ በሣጥን ተቆልፎ ቁልፉ በመቀነት ጫፍ ይቋጠር ነበር። የብራና መጽሐፍ በማኅደሩ ሆኖ ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል። ወደ ከተማ ቤት ቡፌ ሲገባም የእንግዳ ሲኒና ብርጭቆ ከመስተዋት ጀርባ ተቀመጠ፤ ልጅ ያየዋል እንጂ አይነካውም። ይህ ከክፋት የመጣ አይደለም። ዕቃው ጥቂት ነው፤ ከተሰበረም መተኪያው ውድ ነው። ችግሩ የሚመጣው ለልጆች ተብሎ የተገዛውም ዕቃ በዚሁ ልማድ ሲቆለፍበት ነው።

በልጅ እጅ ልክ የተሠራ ማስቀመጫ ሲነሣ ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ፍሮቤል ይጠቀሳሉ። ፍሮቤል እ.ኤ.አ. በ1837 ብላንከንቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ሥራ ጀመሩ፤ በ1840 ደግሞ ለተቋማቸው «ኪንደርጋርተን»፣ የሕፃናት የአትክልት ስፍራ፣ የሚል ስም አወጡለት። ዛሬ «ኬጂ» የምንለው ከዚሁ ስም የመጣ ነው። «ስጦታ» ብለው ከሰየሟቸው መጫወቻዎች አንዱ 8 ትንንሽ የእንጨት ኩቦች አሉት፤ ሲገጣጠሙ አንድ ትልቅ ኩብ ይሆናሉ። ሣጥኑ ልክ በእነርሱ መጠን የተሠራ ሲሆን ክዳኑ እየተንሸራተተ ይከፈታል። ልጁ ሣጥኑን ጠረጴዛ ላይ ይደፋል፣ ክዳኑን ከሥር ስቦ ያወጣል፣ ሣጥኑን ቀስ ብሎ ያነሣል፤ ኩቡ ሳይፈርስ ፊቱ ይቆማል። ጨዋታው ሲያልቅ አንድ ቁራጭ ከጎደለ ሣጥኑ አይሞላም። ስለዚህ ማንም ሳይቆጣው ጉድለቱን ራሱ ያያል። ማስቀመጫ ራሱ ማስተማር እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ሆኖም በእነዚያ ትምህርት ቤቶች የትኛው ሣጥን መቼ እንደሚወጣ የምትወስነው መምህሯ ነበረች። ይህ የተለወጠው በሮም ከተማ፣ ሳን ሎሬንዞ በተባለ የድሆች ሰፈር ነው።

በሳን ሎሬንዞ እናትም አባትም ለሥራ ሲወጡ ትንንሾቹ ልጆች ያለ ጠባቂ ይቀሩ ነበር። በደረጃው ይሯሯጣሉ፤ አዲስ የታደሰውን ግድግዳ ያበላሻሉ። የሕንፃዎቹ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ግድግዳ በማደስ የሚያወጣውን ገንዘብ ልጆቹን በአንድ ክፍል ሰብስቦ ለማቆየት ቢያውለው እንደሚሻል አሰበ። ኃላፊነቱንም ለሐኪሟ ለማሪያ ሞንቴሶሪ ሰጠ። ክፍሉ «የሕፃናት ቤት» ተብሎ እ.ኤ.አ. ጥር 6 ቀን 1907 ተከፈተ፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 28 ቀን 1899 ዓ.ም.፣ የገና ዋዜማ መሆኑ ነው። በጀቱ ጠባብ ስለነበር የገባው ዕቃ እንደ ቢሮ ዕቃ ያለ ነበር። የልጆቹ መማሪያና መጫወቻም በአንድ ትልቅ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበት ነበር፤ ቁልፉን የምትይዘውም መምህሯ ነበረች።

ሞንቴሶሪ በኋላ በጻፉት መጽሐፍ እንደሚተርኩት፣ አንድ ቀን መምህሯ ቁም ሣጥኑን ሳትቆልፍ ሄደች፤ በማግስቱም ዘግይታ መጣች። ስትደርስ ልጆቹ ከፍተውት እያንዳንዳቸው የሚፈልጉትን እያነሡ አገኘቻቸው። ለእርሷ ነገሩ ሌብነት ስለሆነ ቅጣት ይገባቸዋል አለች። ሞንቴሶሪ ግን ልጆቹ እያንዳንዱን ዕቃ ለይተው እንደሚያውቁና መምረጥ እንደሚችሉ ከዚያ ተረዱ። ከዚህ በኋላ ትልቁ ቁም ሣጥን ቀርቶ ልጆቹ የሚደርሱባቸው ዝቅተኛ ቁም ሣጥኖች ገቡ።

ውጤቱ ከምቾት ያለፈ ነበር። ልጆቹ ራሳቸው መምረጥ ሲጀምሩ አንዳንዱ ዕቃ በተደጋጋሚ ሲወሰድ ሌላው ሳይነካ ይቀር ነበር። ያልተፈለገው ከመደርደሪያው ወረደ። ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ብቻ ስለሚቀመጥም አንዱ ልጅ ሲሠራበት ሌላው ተራ መጠበቅን ተማረ። ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1914 ባሳተሙት መመሪያ ለሌሎች የሚመክሩት ይህንኑ ነው፦ ረዥምና ዝቅተኛ ቁም ሣጥን፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ስሙ የተለጠፈበት ትንሽ መሳቢያ፣ ልጆች ራሳቸው የሚያጥቡት ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ዕቃ። ቀለሙ ፈዛዛ የሆነው እድፉ እንዲታይ ነው፤ የታየ እድፍ ይታጠባል።

በዚያው በ1914 አሜሪካዊቷ ካሮላይን ፕራት በኒውዮርክ ግሪንዊች ቪሌጅ ውስጥ ትንሽ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ፕራት የእንጨት ሥራ ያውቁ ነበር፤ ለልጆቹም የመገንቢያ ብሎኮችን ራሳቸው ነደፉ። የአንዱ ብሎክ ስፋት የውፍረቱ እጥፍ፣ ርዝመቱ የስፋቱ እጥፍ ነው። ሌሎቹ ቁራጮች የዚህ ግማሽ ወይም እጥፍ ናቸው። እንዲህ ያለ ዕቃ በጆንያ ቢጨመር ሥርዓቱ ይጠፋል። ፊት ለፊቱ ክፍት በሆነ መደርደሪያ ላይ በየመጠኑ ሲደረደር ግን ሁለት አጭር አንድ ረዥም እንደሚሆን ልጁ በዓይኑ ያነባል። ማሠሪያውም በዕቃው ልክ መሆን አለበት ማለት ነው፤ አናጢ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የቢሮ ቁም ሣጥን በነፃ ቢገኝም ዋጋው በየቀኑ ይከፈላል። አንዲት ሞግዚት ለሃያ ልጅ ዕቃ ስታወርድና ስትሰቅል ትውላለች፤ ልጁም መጠየቅን እንጂ ማንሣትና መመለስን አይለምድም። እናቱ እንጀራ ጋግራ ወይም ገበያ ውላ ማታ ስትወስደው፣ ራሱን መርዳት የለመደ ልጅ ለእርሷም እረፍት ነው።

ለአናጢ ስናዝም ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ግልጽ ነው። የላይኛው ጠርዝ ከሦስት ዓመት ልጅ ደረት ብዙ አይለፍ። ጥልቀቱ የልጅ ክንድ የሚደርስበት ይሁን። ከባዱ ዕቃ ከታች ይቀመጥ፤ ጠርዙና ማዕዘኑ በብርጭቆ ወረቀት ይለዝብ። መደርደሪያው ልጅ ሲንጠላጠልበት እንዳይወድቅ ከግድግዳው ጋር በብሎን ይታሰር። ዋንዛ አቅማችንን ካለፈ ጥሩ ኮምፔንሳቶ ይሠራል፤ ችፑድ ግን በየቀኑ በውኃ ሲታጠብ ያብጣል። ቀለሙ እርሳስ የሌለበት መሆኑን ሳናረጋግጥ አንቀበል። ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነም አንድ ዝቅተኛ መደርደሪያ በደንብ ተሠርቶ ይቅደም፤ ሌላው በሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል።

ቁልፍም ሥራ አለው። መድኃኒት፣ በረኪና፣ መቀስና ክብሪት ከፍ ባለ ቦታ ይቆለፍባቸው። የቀረው ለልጆች የተገዛ ነውና ልጆች እጅ ይድረስ።