ጡረታ ላይ ማን ተመዘገበ፣ ማን ቀረ?



ይህን ያስጻፈኝ ያለፈው ወር አርብ ሰናይያ ተሰብስበን ሳለ አንድ ወንድማችን ያነሳው ጥያቄ ነው። ሹፌር ነው፣ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት አገር ቤት ስድስት ዓመት በመንግስት ትምህርት ቤት አስተምሯል። የእቁቡን ሂሳብ ጨርሰን ሻይ ይዘን ስንጫወት፣ "በየወሩ ከደመወዜ ሲቆረጥ የነበረው የጡረታ ብር የት ገባ? ውሃ በላው ማለት ነው?" አለ። ሁላችንም ተያየን። አንዷ ደግሞ "አንተስ የሚቆረጥልህ ነበረህ፣ እኛ ምን እንበል?" ብላ አሳቀችን። ሳቁ ግን ብዙም አልቆየም።

እኔ ትምህርቴን አስረኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ነኝ፣ የህግ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ስለ ጡረታ ምዝገባ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳልወድ የተማርኩት ነገር አለ። ከዚያ አርብ ወዲህም ማታ ስራ ሲያልቅ አዋጆቹን ከስልኬ ላይ ሳነብ ከረምኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ጡረታ የሚለው ቃል "ጦረ" ከሚለው የመጣ ነው። ድሮ ሰው የሚጦረው በልጁ ነው። አሁንም ቢሆን የብዙዎቻችን እናትና አባት የሚጦሩት እኛ ከዚህ በምንልከው አይደል? ለመንግስት ያገለገለ ሰው ደግሞ መሬት ይሰጠው ነበር። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾመው መስሪያ ቤት የሚባል ነገር ከተጀመረ በኋላም ቢሆን፣ ጣልያን ከወጣ በኋላም ቢሆን፣ ለመንግስት አገልጋይና ለአርበኛ በደመወዝ ወይም በጡረታ ፋንታ ማደሪያ መሬት መስጠት የተለመደ ነበር። ይህ አሰራር ፎርም አይፈልግም። የሚፈልገው የሚያውቅህና የሚያስታውስህ ጌታ ነው። ጌታህ ከሞተ ወይም ከተሻረ ያንተም ነገር አብሮ ያበቃል።

በወረቀት የተመዘገበ ጡረታ የመጣው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የመንግስት ሰራተኞች የጡረታ ድንጋጌ ወጣ። የሰራተኛውን ቅጥርና ደረጃ የሚመራ ማዕከላዊ መስሪያ ቤትም የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1955 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 209 ታወጀ። የሲቪል ሰራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ፣ መንግስት ደግሞ 6 በመቶ እንዲያዋጡ ተደረገ። እንግዲህ ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው የመዝገብ ቤት ጸሃፊ ትልቅ ሰው የሆነው። ሰራተኛው ሲቀጠር የህይወት ታሪክ ፎርም ይሞላል፤ ስሙን ከነአያቱ፣ የትውልድ ዘመኑን፣ የትዳር ጓደኛውን፣ ልጆቹን፣ ወላጆቹን ይጽፋል፣ ፎቶ ያያይዛል። ያ ወረቀት ፋይል ውስጥ ገብቶ ሰላሳ ዓመት፣ አርባ ዓመት ይተኛል። የሚነቃው ሰውየው ሲጦር ወይም ሲሞት ነው።

እድር ያለበት ሰፈር ያደጋችሁ ሁሉ ይህ ይገባችኋል። የእድር መዝገብ ላይ ቤተሰብህን ስታስመዘግብ እናትህን ከረሳሃት፣ የሞተች ቀን ድንኳኑ አይወጣም። ጸሃፊው ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ መዝገቡ ላይ ስለሌለች ነው። ጡረታም እንደዚያው ነው፣ ልዩነቱ መዝገቡ ከቤትህ በጣም መራቁ ነው።

እድሜ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኛን ሰደተኞቹን የሚነካው እዚህ ጋ ነው። አገራችን ልደትን በየወረዳው በስርዓት መመዝገብ የጀመረችው በ2008 ዓ.ም. ነው፣ ትናንት ማለት ነው። ከዚያ በፊት ሰው የተወለደበትን ዓመት የሚያውቀው "ጣልያን በገባ በሁለተኛው ዓመት" ወይም "በድርቁ ጊዜ" እያለ ነበር። ስራ ሲቀጠር ግን ፎርሙ ቁጥር ይፈልጋል። ስለዚህ ሰውየው ይገምታል፣ ጸሃፊውም ይጽፋል። የጡረታ ህጉ ደግሞ ለጡረታ የሚያዘው እድሜ መጀመሪያ ሲቀጠር ያስመዘገበው ነው ይላል። ኋላ የክርስትና ምስክር ወይም የፍርድ ቤት ወረቀት ይዞ ቢመጣ ዋጋ የለውም። የማይገባ ህግ አይደለም፤ ባይኖር ኖሮ ስልሳ ዓመት ሲቃረብ ሁሉም ልጅ ይሆን ነበር። ሆኖም በአንድ ጠዋት በግምት የተጻፈ ቁጥር ያንን ሰው እስከ መቃብር ይከተለዋል።

አባቴ እንደዚህ ነው የተመዘገበው። ወሎ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጥበቃ ነበር። በ1984 ዓ.ም. ሲቀጠር ገና አላገባም ነበር፤ ፎርሙ ላይ "የትዳር ሁኔታ፦ ያላገባ" ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ እናቴን አገባ፣ እኔና ወንድሜ ተወለድን፣ ሃያ ዓመት በር ጠበቀ። ፎርሙን የሚያድስ ግን አልነበረም። ማንም አልነገረውም፣ እሱም አልጠየቀም። በ2004 ዓ.ም. ሞተ።

በዚያን ጊዜ የሚሰራው የ2003ቱ አዋጅ ቁጥር 714 ነበር። ህጉ መጥፎ አይደለም። አስር ዓመት ያገለገለ ሲቪል ሰራተኛ የመጨረሻ ሶስት ዓመት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል፣ ከአስር በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፣ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ሲሞት ሚስቱ የጡረታውን ግማሽ፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ እያንዳንዱ 20 በመቶ ይወስዳል። እንዲገባችሁ በቁጥር ልስራው፦ አማካይ ደመወዙ 4,000 ብር የሆነና 20 ዓመት ያገለገለ ሰው 42.5 በመቶ፣ ማለትም 1,700 ብር ይደርሰዋል። ሚስቱ 850 ብር፣ እያንዳንዱ ልጅ 340 ብር ነው። የአባቴ ደመወዝ ከዚህ በጣም ያነሰ ነበር፣ ቢሆንም ለእኛ ቤት ዘይትና ዱቄት ነው።

እናቴ ስትሄድ "ሚስት የለውም" አሏት። እኔና ወንድሜን ይዛ ቆማ ነው ይህን የሰማችው። ከዚያ ምስክር፣ ከዚያ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ የአያቴ ስም አንዱ ወረቀት ላይ "ኃይሉ" ሌላው ላይ "ሐይሉ" ስለሆነ እንደገና ደብዳቤ። ጉዳዩ አስራ አራት ወር ፈጀ። የአንድም ሰራተኛ ስም መጥራት አልፈልግም፣ ያጣሉን ክፉ ሰዎች አልነበሩም፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው የሚያነቡት። በስተመጨረሻ ተሳክቶላት ዛሬም ትወስዳለች። እኔ ግን በዚያ መሃል አስረኛን ጨርሼ በ2005 ከአገር ወጥቻለሁ። አስራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ፓስፖርቴ ሃያ ሶስት ይላል። ስለዚህ ልጅ ሆኜ በአባቴ መዝገብ ልጠቀም የሚገባኝን ጊዜ፣ በሌላ መዝገብ ላይ ትልቅ ሰው ሆኜ የሰው ልጅ ሳሳድግ አሳለፍኩት። ከእናንተ ውስጥ ስንቶቻችሁ እንደዚህ አይነት እድሜ እንደያዛችሁ አልጠይቅም።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ባንኩን፣ ኢንሹራንሱን፣ ፋብሪካውን ሲወርስ የዚያ ሰራተኛም ወደ መንግስት ጡረታ ገባ። የግል ድርጅት ሰራተኛ ግን ብዙ ዘመን ውጭ ቀረ። በር የተከፈተለት በ2003 ነው፣ አዋጅ ቁጥር 715። ያኔ መዋጮው ቀስ በቀስ ከፍ እያለ ሄዶ ሰራተኛው 7 በመቶ፣ አሰሪው 11 በመቶ ደረሰ። ዋናው ነገር፣ የሹፌሩ ወንድማችን ጥያቄም መልስ ያለው እዚህ ነው፦ በመንግስት ቤት የተሰራው ዘመን በግል ድርጅት ከሚሰራው ጋር ይደመራል። ስለዚህ ስድስቱን ዓመት ውሃ አልበላውም። አገር ቤት ተመልሶ የመንግስትም ሆነ የግል ድርጅት ቢቀጥረውና አራት ዓመት ቢጨምር አስር ይሞላል። የዶሃው ዓመት ግን አይቆጠርለትም፤ ይህንን ስነግረው ዝም አለ። በ2014 ሁለቱም አዋጆች በአዲስ ተተክተዋል፣ 1267 ለመንግስት፣ 1268 ለግል። ኤጀንሲ ይባሉ የነበሩት መስሪያ ቤቶችም አሁን አስተዳደር ነው የሚባሉት፤ ጉዳይ ያላችሁ በድሮ ስማቸው እንዳትፈልጓቸው።

እኛ የቤት ሰራተኞቹስ? የ715 አዋጅ የሚናገረው ስለ "ድርጅት" ነው። ቤት ደግሞ ድርጅት አይደለም። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁም ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ብሎ ለብቻ አስቀምጦናል። አዲስ አበባ ሃያ ዓመት የሰው ቤት እንጀራ የጋገረች ሴት በስሟ የተከፈተ ፋይል የላትም።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ አይደለም። ጀርመን የእርጅና ዋስትና ህግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1889 ነው፣ ከዓለም ቀድማ። ሰራተኛው ካርድ ይሰጠዋል፣ አሰሪው በየሳምንቱ ቴምብር ይለጥፍበታል፤ ካርድህ የሞላ ቴምብር ካለው ሰርተሃል ማለት ነው። ጡረታው የሚጀምረው ግን በ70 ዓመት ነበር፣ ስንቱ ደርሶበት ይሆን! አሜሪካ በ1935 ህጉን አውጥታ በሚቀጥለው ዓመት ህዳር ላይ ፖስታ ቤቶች ፎርም እያደሉ ሰራተኛውን ሁሉ ቁጥር መስጠት ጀመሩ። ሁሉም ስል ግን የቤት ሰራተኛና የእርሻ ሰራተኛ አልነበሩበትም። ያን ጊዜ በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ይህን ስራ በብዛት የሚሰሩት ጥቁሮች ነበሩ። በቋሚነት የምትሰራ የቤት ሰራተኛ የገባችው በ1950 በተሻሻለው ህግ ነው፣ አስራ አምስት ዓመት ቆይቶ። ደቡብ አፍሪካም የስራ አጥ መድን ፈንዷን ለቤት ሰራተኞች የከፈተችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። በየትም አገር መጀመሪያ የሚመዘገበው የመንግስት ሰራተኛውና ወታደሩ ነው፣ ስማቸው ቀድሞም ፔሮል ላይ ስላለ። መጨረሻ የምትመዘገበው በር ዘግታ የምትሰራዋ ናት።

እዚህ ካታር ጡረታ የዜጎች ነው። የምሰራበት ቤት ባባ ጡረታ የወጣ የመንግስት ሰራተኛ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ቡና ይዤለት ስገባ ጋዜጣ ያነባል። በ2022 በወጣው ህግ ካታሪው ሰራተኛ ከደመወዙ የሚያዋጣው 7 በመቶ ነው፤ አገር ቤት አስተማሪው ከሚያዋጣው ጋር እኩል መሆኑ አስገረመኝ። ለእኛ በጡረታ ፋንታ ያለው የአገልግሎት መጨረሻ ክፍያ ነው። በ2017 የወጣው የቤት ሰራተኞች ህግ ቁጥር 15፣ አንድ ዓመት ለሞላች ሰራተኛ ለእያንዳንዱ ዓመት ከሶስት ሳምንት ደመወዝ የማያንስ ይከፈላታል ይላል። ደመወዝሽ 1,500 ሪያል ከሆነ የቀኑ 50 ነው፣ የሃያ አንድ ቀኑ 1,050። አራት ዓመት ከሰራሽ 4,200 ሪያል። ይህ ገንዘብ ከዓመት ፈቃድሽና ከቲኬትሽ የተለየ ነው፣ አንዱ በሌላው አይተካም። ኮንትራቱ በሶስት ቅጂ ይሰራል፤ አንዱ የአሰሪ፣ አንዱ መስሪያ ቤት የሚቀመጥ፣ አንዱ የአንቺ ነው። ዓመቱ የሚቆጠረው እሱ ላይ ካለው ቀን ነውና ቅጂሽ እጅሽ ላይ ከሌለ ዛሬውኑ ጠይቂ። ፎቶ አንስተሽ ለምታምኛት ጓደኛ ላኪ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል።

ሹፌሩ ወንድማችን ከዚያ አርብ በኋላ ድሮ አብሮት ያስተምር የነበረ ጓደኛውን ልኮ ፋይሉን አስፈለገ። ሁለት ሳምንት ፈጀ እንጂ ተገኘ። የፎርሙን ፎቶ በዋትስአፕ ልኮልኝ አየሁት፣ የጡረታ መለያ ቁጥሩ አለ፣ ፎቶው ላይ ጸጉሩ ብዙ ነው፣ ስቄበታለሁ። ያኔ ያላገባ ነበር፣ ፎርሙም እንደዚያው ይላል። አሁን ሚስትና ሁለት ልጅ አለው። የጋብቻ ወረቀቱንና የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት ባለቤቱ በሚቀጥለው ሰኞ ይዛ ትሄዳለች።