ፌት (የሲሙሌሽን ስብስብ)

ፌት በአሜሪካ የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው፣ ፊዚክስንና ሌሎች ሳይንሶችን በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ለማስተማር የሚያገለግል ነጻ የፕሮግራሞች ስብስብ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ካርል ዋይማን የ2001 የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚ ሲሆን፣ ከሽልማቱ ገንዘብ ከፊሉን ለዚሁ ሥራ አውሏል።

ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከሚስማሙት አንዱ የኤሌክትሪክ ዑደት መገጣጠሚያው ነው። ተማሪው ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል እየጎተተ ያያይዛል፤ ኤሌክትሮኖች እንደ ትናንሽ ሰማያዊ ኳሶች በሽቦው ውስጥ ሲጓዙም ያያል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ እውነተኛ ሽቦ ይህን አያሳይም። ብዙ ተማሪ አምፖሉ የኤሌክትሪክ ጅረቱን «ይበላዋል» ብሎ ያስባል፤ የሚገቡትና የሚወጡት ኳሶች እኩል መሆናቸውን ሲያይ ግን ሐሳቡ ይናጋል። የባትሪውን ሁለት ጫፎች በባዶ ሽቦ ያገናኘ ደግሞ ባትሪው በእሳት ሲያያዝ ይመለከታል፤ ጣቱ ሳይቃጠል። ለልጆቹ ዋናው መዝናኛ ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ የፌት ቡድን ጥናት፣ በሲሙሌሽን የተለማመዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እውነተኛ ዑደት በመገጣጠምም በማብራራትም በእውነተኛ ዕቃ ከተለማመዱት በልጠው መገኘታቸውን ዘግቧል። የላላ ሽቦና የዛገ ማያያዣ የሚያስተምሩትን ትዕግሥት ግን ስክሪን አይተካውም። አዳዲሶቹ ፕሮግራሞች አንዴ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ።