ባለ አንድ ዓይኖቹ

የዐድዋን ሥዕል ያላየ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ባናየው በሆቴል አዳራሽ ወይም በቱሪስት ዕቃ መደብር አይተነዋል። በግራ ወገን ዐፄ ምኒልክ በጃንጥላ ሥር፣ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ፤ በቀኝ ወገን የጣልያን ጦር፤ ከላይ ደግሞ ነጭ ፈረሱን የተቀመጠው ቅዱስ ጊዮርጊስ፤ ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገው በእርሱ ዕለት ነውና። መሐል ላይ ጎራዴ አንገት ይቀላል፤ ለደሙ ቀይ ቀለም አልተቆጠበለትም።

ለረጅም ጊዜ እኔ የማየው ደሙን ነበር። ኋላ ግን ዓይኖቹን መቁጠር ጀመርሁ። በቤተ ክርስቲያን የአሣሣል ልማድ ጻድቅ ሙሉ ፊቱ፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ፤ ይሁዳና ክርስቶስን የገረፉት ግን በአብዛኛው በጎን ይሣላሉና አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። የዐድዋ ሠዓልያን ይህንኑ ልማድ ከስቅለት ወደ ጦር ሜዳ አመጡት። ወገን ወደ ጠላት እየገሠገሠ ሳለ እንኳ ፊቱን ወደ እኛ ያዞራል፤ ጠላት በጎን ይቀራል። ስለዚህ በዚህ ሥዕል ውስጥ መግደል አያስፈራም። ገዳዩ ባለ ሁለት ዓይን እስከሆነ ድረስ ተመልካቹ እንቅልፉን ይተኛል።

ነገር ግን ከባለ አንድ ዓይኖቹ መካከል ጥቁር ፊት ያላቸው፣ ቀይ ቆብ የደፉ አሉ። በጣልያን ሥር የተሰለፉ የኤርትራ ተወላጆች ናቸው፤ ብዙዎቹም ማዶ ከቆመው የትግራይ ጦር ጋር አንድ ቋንቋ የሚናገሩ። ከድሉ በኋላ ከተማረኩት ወደ 800 የሚሆኑት በከዳተኝነት ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። ነጮቹ ምርኮኞች በአንጻሩ፣ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. ከተፈረመው የአዲስ አበባ ውል በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። (ይህን ስጽፍ ድሉን ላሳንስ የተነሣሁ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ተሳስቷል።) እኔ ባየኋቸው የዐድዋ ሥዕሎች ሁሉ ያን ቅጣት የሣለ አላጋጠመኝም። አንገት ሲቀላ ያላፈረ ብሩሽ እዚያ ሲደርስ ደረቀ። አልፈርድበትም፤ ቆራጩን ስንት ዓይን ይስጠው?

ስፔናዊው ጎያ በዚህ ጥያቄ አልፏል። የናፖሊዮን ወታደሮች በ1808 እ.ኤ.አ. ማድሪድ ላይ የፈጸሙትን ግድያ በ1814 ሲሥል ተኳሾቹን ፊት ነሥቷቸዋል፤ የምናየው ጀርባቸውን ነው። እስከዚህ ድረስ የእኛ ሠዓልያን ዘመድ ነው። ስለዚያው ጦርነት በመዳብ ላይ በቀረጻቸው ሥዕሎች ግን ስፔናውያንም ይገድላሉ፤ በአንዱ ሕዝቡ መሬት ላይ የተጋደመን ሰው ሲያሠቃይ፣ ሌሎች ቆመው ሲመለከቱ እናያለን። እነዚህ ሥዕሎች በሕይወቱ ሳለ ለሕዝብ አልታተሙም። የወጡት በ1863፣ ከሞተ ከ35 ዓመት በኋላ ነው።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተዋጋነውም እርስ በርስ ነበር። ስለዚያ ጦርነት የሚሥል ሁሉ፣ በየትኛውም ወገን ይቁም፣ የማዶውን ሰው በጎን ለመሣል የሚቸገር አይመስለኝም፤ ልማዱ ከእጃችን አልወጣም። እኔ የምጠብቀው ግን ከዚያ የሚቀድም፣ ዕዳው ገና ያልተከፈለ ሥዕል ነው፦ ቀይ ቆቡ ከአጠገቡ ወድቆ፣ ቀኝ እጁ የሌለ፣ በሁለት ዓይኖቹ ቀጥ ብሎ የሚያየን ሰው።