ማኪያቶው የማን ነው? ከአራዳ ገበያ እስከ ዶሮ ማነቂያ

አዲስ አበባን ለማየት የመጣ የውጭ አገር ሰው ወይም ለዕረፍት የተመለሰ ዳያስፖራ በእግሩ እየዞረ ምግብ የሚቀምስበት ጉብኝት ከተለመደ ቆይቷል። ፒያሳ ላይ ሲሆን መንገዱ ብዙም አይለዋወጥም። አስጎብኚው ስድስት ሰባት ሰው አስከትሎ ከጊዮርጊስ ይነሣል። ቶሞካ ገብተው ቆመው ቡና ይጠጣሉ፣ ኬክ ቤት ጎራ ይላሉ፣ ጣይቱ ሆቴል የጾም ምግብ ይቀምሳሉ፣ አቅምና ሰዓት ከፈቀደ ክትፎ ወይም ጥሬ ሥጋ ይታከላል፣ መጨረሻው ጠጅ በብርሌ ነው። በየመቆሚያው የሚነገረውም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ማኪያቶና ፓስታ ጣሊያን ትቶልን የሄደው፣ ሆቴሉ እቴጌ ጣይቱ ያቋቋሙት፣ ጠጁ ደግሞ ከጥንት የነበረ።

ይህ ሁሉ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ጎብኚው ሆዱ ሞልቶ ሲመለስ አንድ ነገር ሳይሰማ ይቀራል፤ በዚህ ሰፈር ማን እንዲበላ ተፈቅዶለት፣ ማን ተከልክሎ፣ ማን በምን ኪራይ ምጣድ ጥዶ እንደነበር። የፒያሳ የምግብ ታሪክ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ከመጀመሪያው እንነሣ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ምግብ በገንዘብ የሚገዛ ነገር አልነበረም ማለት ይቀላል። እህል፣ ቅቤ፣ ማር፣ በርበሬ፣ ጌሾ በአራዳ ገበያ በአሞሌና በማርያ ቴሬዛ ብር ይሸጥ ነበር። የበሰለ ምግብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የበሰለ ምግብ ይሰጣል እንጂ አይሸጥም። ጌታ ለአሽከሩ፣ ንጉሥ ለሠራዊቱ ግብር ያበላል፤ የበላው ደግሞ ታማኝነት ይከፍላል። ጸሐፊ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዜና መዋዕላቸው የእንጦጦ ማርያም ምርቃት ድግስን በዝርዝር የጻፉት ለምግቡ ጎምጅተው አይደለም። ማን የት እንደተቀመጠ፣ ለማን ምን እንደቀረበ ማወቅ የመንግሥቱን ሥርዓት ማወቅ ስለነበር ነው። የበሬው ብልት እንኳ በማዕረግ ነበር የሚከፋፈለው። ለማይታወቅ ሰው ወጥ ሠርቶ ዋጋ መቀበል በዚያ ዓለም ውስጥ ነውር ነበር፤ በማይታወቅ ሰው ፊት መብላትም ቡዳ ያስፈራል።

ከዚህ አንጻር የጣይቱ ሆቴል ነገር ከተለመደው የ«የመጀመሪያው ሆቴል» ወሬ ከበድ ይላል። በ1890ዎቹ መጨረሻ እቴጌይቱ ሆቴሉን ሲከፍቱ ተመጋቢ ጠፋ ይባላል። አጼ ምኒልክ መኳንንቶቻቸውን ይዘው ሄደው በሉ፣ ሒሳቡንም ከፈሉ፤ ከዚያ በኋላ ሌላውም ደፈረ። በአፍ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ታሪክ ስለሆነ ዝርዝሩ ላይ መከራከር ይቻላል። ፍሬ ነገሩ ግን ከዘመኑ ጋር ይገጥማል። ትልቁ ግብር አብይ ንጉሥ ለሚበላው ምግብ ዋጋ ሲከፍል ሕዝቡ አየ። አስጎብኚዎች ይህንን እንደ ቀልድ ሲነግሩት ፈረንጆቹ ይስቃሉ። በእርግጥ ያስቃል፤ ግን በዚያች ቀን ምግብ ከግብርነት ወደ ሸቀጥነት የሚሄድበትን መንገድ ቤተ መንግሥቱ ራሱ መርቆ ከፈተ ማለት ነው።

መንገዱን የተከተሉት ደግሞ በአብዛኛው ባላባቶች አልነበሩም። ከገጠር የመጡ፣ ከትዳር የወጡ፣ መሬት የሌላቸው ሴቶች ነበሩ። ጠላና ጠጅ የሚጠምቁት፣ አረቄ የሚያወጡት፣ እንጀራ በወጥ የሚሸጡት እነርሱ ናቸው። የከተማዋ የመጀመሪያዎቹ ምግብ ቤቶች አብዛኞቹ አንዲት ሴት፣ አንድ ክፍልና አንድ ምድጃ ነበሩ። በጉብኝቱ ላይ የእነዚህ ሴቶች ስም አይጠራም፤ ስማቸውን የመዘገበም የለም። ከእነርሱ ጎን ለጎን የየመን አረቦች ሱቅ፣ የሕንዶች የንግድ ቤት፣ የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች ነበሩ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ይህ ድብልቅ ይበልጥ ወፈረ። አርመኖቹ በተለይ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው አርባ ልጆች ወዲህ ከሙዚቃው ጋር ይያያዛሉ፤ ነገር ግን በሱቅና በእጅ ሙያ ከዚያ በፊትም ነበሩ። ፒያሳ ጣሊያን ከመግባቱ በፊትም የብዙ አገር ሰው ሰፈር ነበረች፤ ያኔ ስሟ አራዳ ነው። ብልጥ የከተማ ልጅ «አራዳ» መባሉ ከዚሁ ገበያ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ጣሊያኑ እንምጣ። ፋሺስት አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ የተነደፈው የከተማ ፕላን ዋና ሐሳብ ግልጽ ነበር፦ ነጩ ለብቻው፣ ጥቁሩ ለብቻው። የአራዳ ገበያ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ሄደ፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው የዚያ ውጤት ነው። ሐበሻው ከነገበያው ከተገፋበት ቦታ ላይ ካፌና ሱቅ ተደረደረ፤ ቦታውም ፒያሳ፣ አደባባይ፣ ተባለ። በ1929 የወጡት የዘር ሕጎች ደግሞ መለያየቱን ከመኖሪያ አልፈው እስከ ቡና ቤትና እስከ መኝታ ቤት አወረዱት። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጀመረው የሦስት ቀን ጭፍጨፋም እዚሁ አካባቢ አልፏል። የጎብኚዎቹ መነሻ የሆነው የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በዚያ ሰሞን በእሳት ተለኩሷል።

ታዲያ «ጣሊያን ማኪያቶ ትቶልን ሄደ» የሚለው አባባል ምን ያህል እውነት ነው? ጣሊያን ማኪያቶውን ያመጣው ለራሱ ነበር። ለሐበሻ የደረሰው ጣሊያን ከተሸነፈ በኋላ ነው። የደረሰበት መንገድም እንዲህ ነው። በ1933 ነጻነት ሲመለስ እንግሊዞች ጣሊያኖቹን ሁሉ ጠርገው ሊያስወጡ ፈለጉ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ባለሙያ የሆኑት እንዲቀሩ ወደዱ፤ መካኒኩ፣ ግንበኛው፣ ምግብ አብሳዩ ቀረ። ያ የቀረው ጣሊያን ገዥ መሆኑ አብቅቶ ኪራይ የሚከፍልና ደንበኛ የሚለምን ሰው ሆነ። ካስቴሊ የሚባለው ዝነኛ ምግብ ቤት፣ በሚልፎሊው የሚታወቀው ኤንሪኮ ኬክ ቤት የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። ቶሞካም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው፤ ወረራው ካበቃ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ስሙ «ዘመናዊ የቡና መቁያ» ከሚለው የጣሊያንኛ ሐረግ የመጀመሪያ ፊደላት የተሰፋ ነው። የቆመበት ጎዳና በእንግሊዛዊው ጄኔራል በዌቨል ስም የተሰየመ ነው። በምኒልክ ዘመን ገበያ ላይ፣ በእንግሊዝ ጄኔራል ጎዳና፣ በጣሊያንኛ ስም፣ የከፋና የሲዳማ ቡና ይጠጣል። አስጎብኚ ከዚህ የተሻለ መቆሚያ ከየት ያገኛል?

ዋናው ሥራ የተሠራው ግን በየጓዳው ነው። በጣሊያኖቹ ወጥ ቤት ሽንኩርት ሲከትፉ፣ ሰሃን ሲያጥቡ የነበሩት ልጆች ሙያውን ቀስመው የራሳቸውን ቤት ከፈቱ። ምግቡም አገር ለመደ። «ሳልሳ» ስልስ ሆነ፤ በርበሬ ወይም ቃሪያ ገባበት። ፓስታ ረቡዕና ዓርብ የሚበላ የጾም ምግብ ሆነ፤ ይባስ ብሎ በእንጀራ ይጠቀለል ጀመር። ይህን ያየ ጣሊያናዊ ጎብኚ የሚያሳየው ፊት ከጉብኝቱ ክፍያ በላይ ዋጋ አለው። ፎርኖ፣ ቦምቦሊኖ፣ ጄላቲ፣ ባሬስታ፣ ማኪያቶ ብሎ የሚያዝ የአዲስ አበባ ልጅ ጣሊያንኛ እየተናገረ እንደሆነ አይሰማውም፤ እየተናገረም አይደለም። ቃሎቹ ዜግነት ከቀየሩ ቆይተዋል። በሌላ በኩል ከጉራጌ አገር የመጡ ወጣቶች ከሊስትሮና ከሱቅ በደረቴ ተነሥተው ምግብ ቤት እስከ መክፈት ሲደርሱ ክትፎ፣ ቆጮና አይብ የመላው ከተማ ምግብ ሆኑ። ጠጁና አዝማሪው ደግሞ ወደ ውቤ በረሃ ወረደ፤ በደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ስም የሚጠራው ሰፈር ደርግ የሰዓት እላፊ እስኪያውጅ ድረስ እንቅልፍ አያውቅም ነበር።

ቀጥሎ ያለው የታሪኩ ክፍል በጉብኝት ላይ ጨርሶ አይነሣም፤ ምክንያቱም ስለ ኪራይ ነው፤ ኪራይ ደግሞ አይቀመስም። ደርግ ሐምሌ 1967 ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። ፒያሳ ካፌዎቿና ቡና ቤቶቿ ሳይቀሩ በአብዛኛው በዚህ መረብ ውስጥ ገባች። ኪራዩ ዝቅ ብሎ ዓመታት እንደተቆለፈ ቆየ። በዚህ የተነሣ አንዲት ሴት በአንድ ጠባብ ክፍል ሽሮ እየሸጠች ልጅ አስተማረች፤ አሮጌ ኬክ ቤት ወንበሩን ሳይቀይር ሠላሳ ዓመት ኖረ። ጎብኚው «የድሮ ጠረን» ብሎ የሚያደንቀው ነገር ትልቁ ክፍሉ የርካሽ ኪራይ ጠረን ነው። ዋጋውም እዚያው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ተከራዩ ቤቱን አይሸጥም፣ ባለቤቱ መንግሥት ደግሞ አያድስም፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ ሽንት ቤቱ የአሥር አባወራ ነው። ባለቤት ያልሆነ ሰው ደግሞ «ተነሣ» ሲባል የሚያሳየው ካርታ የለውም።

ተነሣ ተባለም። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ፒያሳ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ነበረች። የካቲት ላይ የአድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ተመረቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። ሥጋ ቤቱ፣ ቢራ ቤቱ፣ ሌሊቱን የሚነጋበት ጠባብ መንገድ በሳምንታት ውስጥ ሜዳ ሆነ። የከተማው አስተዳደር የሚያነሣው ምክንያት ባዶ አይደለም። ቤቶቹ አርጅተዋል፣ ለኑሮ አይመቹም፣ ለእሳት ይጋለጣሉ። በጥር 2007 ጣይቱ ሆቴል ላይ የተነሣው ቃጠሎ ጃዝ አምባን ከነመድረኩ ሲበላ የአሮጌ ሕንፃ አደጋ ምን እንደሚመስል ሁሉም አይቷል። ዶሮ ማነቂያ በጭቃው ዘመን ያለፈበት ሰው ናፍቆቱን በልክ ቢያደርግ ይሻላል። ነገር ግን ቤት ማደስና ሰው ማንሣት አንድ አይደሉም። ጣይቱ ሆቴል ተቃጥሎ ታድሷል፤ ዛሬም የጾም ምግቡ ይቀርባል። ስሙ ስለታወቀ፣ የእቴጌ ቤት ስለሆነ ቅርስ ተባለ። የሽሮ ቤቷ ሴትዮ ምድጃ በማን መዝገብ ቅርስ ይባላል? ጣይቱ የጀመሩትን ነገር ለመቶ ዓመት የቀጠለችው ግን እሷና መሰሎቿ ናቸው።

ከተነሡት ሰዎች ብዙዎቹ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደዋል። ጋራው፣ አየሩ፣ ቤቱ ራሱ ሊሻል ይችላል፤ የምግብ ሥራ ግን በደንበኛ የሚቆም ሥራ ነው። የፒያሳ ወጥ ሻጭ የምትኖረው በጸሐፊው፣ በወርቅ ቤት ሠራተኛው፣ በሲኒማ ተመልካቹ፣ በታክሲ ተራው ነበር። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያ ሁሉ ሰው አይመጣም። ሙያዋ እጇ ላይ አለ፤ መንገዱ ነው የጠፋው።

የአትክልት ተራውም ነገር ከዚሁ ጋር ይሄዳል። የፒያሳ ምግብ ቤቶች ጎመኑን፣ ቲማቲሙን፣ ሽንኩርቱን ለዓመታት የሚገዙት በእግር ሄደው፣ በዘንቢል ተሸክመው፣ ሲጎድልባቸውም ልጅ ልከው ነበር። በሚያዝያ 2012 በኮሮና ምክንያት ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ ለ2013 ጥምቀት ሜዳው ይጽዳ ሲባል ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ከከተማዋ መሐል ወደ ደቡብ ጫፍ ማለት ነው። ዛሬ በፒያሳ የጾም በየዓይነቱ ላይ የምትቀመጠው ጥቅል ጎመን በመኪና ተጭና ከተማውን አቋርጣ ትመጣለች፤ የመኪናው ዋጋም ሳህኑ ላይ ተጨምሮ ይከፈላል። አስጎብኚዎቹ ጉብኝቱን አላቆሙም። አሁንም ከጊዮርጊስ ይነሣሉ፤ ቶሞካ ቆመው ይጠጣሉ፤ ከዚያ ወደ ጣይቱ ይወርዳሉ፤ በመሐል ያለውን መንገድ ግን ቀድሞ ከሚፈጅባቸው ባነሰ ደቂቃ ነው የሚያልፉት፤ የሚቆሙበት በር ቀንሷልና።